ሽቦ ለእህቴ መኪና የሠራው ኮምፒውተር

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ ኪሱ ሁልጊዜ በቁርጥራጭ ሽቦ ስለሚሞላ ነው የሚሉም አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን እዚህ ያለውን ነገር እዚያ ካለው ጋር ሳያገናኝ ነፍሱ የማታርፍ ሰው ስለሆነ ነው። ሥራው ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴፕ መጠገን ነው። ካውያውን አግሎ የመበየጃውን ሊድ ሲያቀልጥ ቀጭን ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱም ጭሱን በዓይኑ ተከትሎ በሐሳብ ጭልጥ ይላል። ደንበኛ ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ መልስ አጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሰልችቶት ሊወጣ ሲነሣ ነው ሽቦ ቀና ብሎ "እንዴት ዋልክ?" የሚለው።

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሰው ሲጮኽ ፊቱን አጨማዶ "ስፒከር እኮ እንዲህ ነው የሚፈነዳው" ይላል። ለእሱ መናገር ማለት ጥርት አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ፣ ከአንድ ሰው ጆሮ ወደማያልፍ ቦታ መላክ ነው። እኔ የምሠራው ከሱቁ ጋር የጣውላ ግድግዳ በምትጋራ ክፍል ውስጥ ነው፤ የመኪና ወንበር ልብስና የጭነት ሸራ እሰፋለሁ። የእሱ ሬዲዮኖች ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ሲንሾካሾኩ፣ የእኔ የስፌት መኪና ከወዲህ ስትንደቀደቅ፣ እንዲሁ እንደተጎራበትን ስንት ዓመት ሆነን።

እህቴ ደግሞ ሹፌር ናት፤ ያውም የከባድ መኪና። ታናሿ ነኝና እትዬ ነው የምላት። መኪናዋ የራሷ ናት፤ ፊቷ ሰፊ፣ መብራቶቿ ክብ፣ ጠዋት ስትነሣ እንደ ጉንፋናም ሰው ጉሮሮዋን ደጋግማ የምትጠርግ አሮጊት ናት። ዳሽቦርዷ ላይ የሚሠራ ጌጅ የለም። የፍጥነቱም፣ የሙቀቱም፣ የዘይቱም ቀስቶች ከተኙ ቆይተዋል። እትዬ ግን ደንታም አልነበራት። "እኔ በጆሮዬ ነው የምነዳው" ትል ነበር፣ አፏን ሞልታ። እውነቷንም ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የሚያወጣትን ቀጭን ፉጨት፣ ዘይት ሲጎድልበት የሚያሰማውን ንጭንጭ፣ ማንም ሳይሰማው እሷ ትሰማው ነበር። መካኒኩ ሳይቀር የሰው መኪና ሲቸግረው ይጠራትና "እስቲ አዳምጪልኝ" ይላታል፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ ትቆምና "ሦስተኛው ፒስተን ጋ ነው ሕመሙ" ብላ እጇን እያራገፈች ትሄዳለች።

ሽቦ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ከእሷ ጋር መንገድ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ወንበሩ ላይ ተበይዶ ቀርቷል እያልኩ እስቅበት ነበር። መንገዱን የሚያውቀው ከእሷ አፍ ነው። እትዬ ከመንገድ ስትመለስ እግሯን ታጥባ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፣ እሱም ዱካ ሳብ አድርጎ አጠገቧ ይቀመጥና መጠየቅ ይጀምራል። ድልድዩ እንዴት ነው? ጉሙ ዛሬ እስከ የት ወርዶ ነበር? ያቺ ብቻዋን የቆመች ቤት መስኮቷ ተከፈተ ወይ? እሷ በሁለት ቃል የነገረችውን እሱ ይወስድና ያልመዋል። ከልቡ ነው የምላችሁ፤ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት እኔ በር ላይ ይቆምና፣

"ዛሬ ሌሊት ሜዳው ላይ ነበርኩ" ይለኛል።

"የትኛው ሜዳ?"

"ያ ንፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን የሚገፋባት። ሳሩ እንደ ውሃ ነው የሚተኛው።"

"አንተ ሰውዬ፣ በሕልምህ ነዳጁን ማን ነው የሚሞላልህ?" እለዋለሁ። ይስቃል፤ ሳቁም ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የእትዬ ወሬ አጠረ። ሽቦ ሲያወራ ፈገግ ብላ ታየዋለች፣ ራሷን ትነቀንቅለታለች፣ በቃ። ደክሟት ነው አልን። መንገድ ሰው ያደክማል።

ከዚያ አንድ ቀን መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ውሃዋ አልቆ፣ ሞተሩ ፈልቶ፣ ከፊቷ ነጭ እንፋሎት ሲወጣ ነው እትዬ ያወቀችው። መካኒኩ ሞተሩን ፈታ፣ ጎረጎረ፣ ራሱን አከከ። "ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ የተረፈው ለጥቂት ነው" አለን። "አሁን አስተካክዬዋለሁ። ሁለተኛ ከፈላ ግን እርሷት፤ በኪሎ የምትሸጥ ብረት ናት።" እትዬ የእጇን ጥፍር ማየት ያዘች። ሌላ መኪና የምትገዛበት አቅም የላትም፣ ሌላ ሥራም አታውቅም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አትፈልግም። ያቺ አሮጊት ሞተች ማለት እህቴ ቤት ተቀመጠች ማለት ነው፤ እህቴ ቤት ስትቀመጥ ደግሞ በሰንበት እንኳ ግድግዳው የሚጫናት ነው የሚመስላት።

"እንዴት ሳትሰሚው ቀረሽ?" አልኳት።

"ንፋስ ነበር" አለችኝ።

ሽቦ ወደ ካቢናው ወጣና ቴፑ ከተነቀለ ጀምሮ ባዶውን የቀረውን ጉድጓድ በጣቱ ለካው። እጁን እዚያ ውስጥ ከቶ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ሲወርድ ዓይኖቹ ሌላ ቦታ ነበሩ።

"ኮምፒውተር እሠራላታለሁ" አለኝ።

"የት ሊቀመጥ?"

"ቴፑ ቦታ ላይ። ሙቀቱን ያያል፣ ዘይቱን ያያል፣ መንገዱን ያውቃል፣ ዘፈንም አለው። ደግሞ ይናገራል።"

"ማን ነው የሚናገረው?"

አፈረ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አላየኝም። "እኔ ነኛ" አለ።

እንግዲህ ያን ሰሞን የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ ሆዱን አወጣና በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስተኛው። ስክሪን ከሌላ ቦታ አመጣ። የመጀመሪያውን ቀን በቀጥታ ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ቢያገናኘው ጢስ ብሎ አረፈው፤ የከባድ መኪና ባትሪ ለኮምፒውተር አይራራም። ኃይሉን የሚቀንስ ነገር ሠራለት። ቀጥሎ ደግሞ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱን ስቶ ይጠፋ ጀመር፤ መኪናዋ ስትነሣ ያለ የሌለውን ኃይል ጠጥታ ነው የምትነሣው። ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ባትሪ ከወንበር ሥር ደበቀለት። አቧራ እንዳይገባ እኔ ስስ ጨርቅ ሰፋሁ፣ መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ከወንበር ስፖንጅ ቆርጬ ሰጠሁት። ያን ጊዜ ሽቦ ምግብ ሲበላ እንኳ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ መስመር ይሥል ነበር፤ ከሳህኑ ወደ ማንኪያው፣ ከጨው ዕቃው ወደ ውሃው።

የሙቀት ሴንሰሩን የሞከረው በእህቴ ማሰሮ ነው። ውሃ ምድጃ ላይ ጣደ፣ የሽቦዋን ጫፍ ውስጥ ነከረ፣ የቆርቆሮ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ከትንሿ ስፒከር የራሱ ድምፅ ወጣ፣ "እሜቴ፣ ውሃው እየሞቀ ነው። ጥላ ፈልጊና አረፍ በይ።" ሚስቱን እሜቴ ነው የሚላት። እኔ ማማሰያ ይዤ ቆሜ ነበር፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። "ማሰሮው ጥላ የት ያገኛል፣ ጋሼ?" አልኩት። እሱ ግን አልሰማኝም፤ ያንን አባባል እንደገና ከፈተው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው፣ "'አረፍ በይ' የምትለዋ ትንሽ ፈጥናለች" አለ።

ደግሞ ሊቀዳ ሄደ። የስፌት መኪናሽን አቁሚልኝ ብሎ ለምኖኝ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ ለማይክሮፎኑ ሲናገር እሰማዋለሁ። "እሜቴ፣ ዘይቱን እዪው።" "እሜቴ፣ ድልድዩ ቀርቧል፣ ቀስ በይ።" "እሜቴ፣ ሜዳው ጋ ደረስሽ፤ መሪውን ጠበቅ አድርጊ።" የሚያውቀውን መንገድ ሁሉ፣ ያላየውን መንገድ ሁሉ፣ በድምፁ አነጠፈላት። እኔ እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ነበር። ለኔ ያልተባለ ነገር መስማቴ አሳፈረኝ፤ ግን አልተነሣሁም።

የተገጠመ ዕለት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። ስክሪኑ በቴፑ ቦታ ልክ ገባ፤ ዙሪያውን ጥቁር ቆዳ ሰፍቼለት ነበር፣ መልኩ ያምራል። እትዬ መሪው ኋላ ተቀመጠች። ሽቦ የካቢናውን መውጫ ረግጦ በተከፈተው በር ተንጠለጠለ። መካኒኩ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ራዲያተሩን በካርቶን ሸፈነው፤ አጠገቡ ቆሞ እንደሚጠብቃትም ነገረን። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ወድቆ ቁጥሩን አደብዝዞታል፤ ሽቦ ግን "ማየት አያስፈልግሽም፣ ይነግርሻል" አላት። ፈገግ አለች።

ትንሽ ቆየንና እኔ ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። "እሜቴ፣ ውሃው እየሞቀ ነው። ጥላ ፈልጊና አረፍ በይ።" ልስልስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ ቃል ሳይቆራረጥ። መካኒኩ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ። እትዬ የፊት መስተዋቱን እያየች ተቀምጣለች። ደገመው። እሷ ጣቶቿን መሪው ላይ እያንኳኳች ነው። ሽቦ ፊቱ መጥቆር ጀመረ፤ አልወደደችውም ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ድምፁን ጨመረውና ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ። ያኔ እትዬ ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ በጣም በትሕትና፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደሄደ ሰው፣

"ታዲያ መቼ ነው የሚናገረው?" አለችው።

መካኒኩ ካርቶኑን ነቀለና መፍቻ የጠፋበት መስሎ ወደ ጥግ ሄደ። ሽቦ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው። ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ ልክ ፊት ለፊቷ ሆነና ከንፈሮቹን አነቃነቀ። ድምፅ አላወጣም፤ እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ነበርኩ፣ ትንፋሽ እንኳ አልወጣውም። ከንፈሩ ብቻ፣ "ትሰሚኛለሽ?" አለ።

"እሰማሃለሁ እንጂ" አለች እህቴ።

ያኔ ገባኝ። ሽቦም ተረዳ፣ እሷም መረዳታችንን ከፊታችን አነበበች። ከዚያ በኋላ ለመደበቅ አልሞከረችም። መጀመሪያ ቀኝ ጆሮዋ ነው የሄደው፣ ግራው ተከተለው። ሐኪም አይቷታል፤ ዕድሜ ልክ የሞተር ጩኸት በልቶታል ብሏታል። ሞተሩን አሁን የምትሰማው በመሪውና በወንበሩ በኩል ነው፤ ወፍራም ወፍራሙ ይደርሳታል፣ ቀጭኗ ፉጨት ግን አትደርሳትም። ሰውን ፊት ለፊት ካየች ከአፉ ታነባለች። "ብነግራችሁ ቁልፌን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው" አለች።

ደሜ ፈላ። "ታዲያስ! ከኋላሽ ክላክስ የሚያደርግልሽን ሳትሰሚ ሰው ብትጨፈልቂስ? ራስሽን ገደል ብትከቺስ?" ብዬ ቁልፉን መዝዤ ጡቴ ውስጥ ከተትኩት። አልታገለችኝም። ይቺ ሴት ወንድ ሹፌሮች መንገድ ዘጉብኝ ብላ ወርዳ አንገት የምታንቅ ናት፤ ያን ቀን ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች፣ እኔንም አንጀቴን በላችኝ። ቁልፉን ግን አልመለስኩም።

ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮኖቹ ዝም አሉ። ሽቦ አንዱንም አይከፍትም፤ ሊዱም አይሸትም። ቤት ውስጥ ሁለቱ ይቀመጣሉ፤ እሱ አያወራም፣ እሷ የማይወራውን ለማንበብ አፉን ታየዋለች። ሽቦ ቅስሙ የተሰበረው ያ ሁሉ ልፋቱ ከንቱ ስለቀረ ነው ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ግን በራፌ ላይ መጣ። ሕልም አልነገረኝም።

"ሬዲዮ ጠጋኝ ስለሆንኩ ዓለም በሙሉ ጆሮ መስሎኝ ነው" አለ። "ቁልፉን ያዢው። የሹፌሯን ወንበር ግን ፍቺልኝ።"

ፈታሁለት። ስፒከሩን አውጥቶ ጣለ። ከተበላሹ የልጆች መጫወቻዎች ትንንሽ የሚንቀጠቀጡ ሞተሮች ለቀመና ስፖንጁ ውስጥ የት የት እንደምቀብራቸው አሳየኝ። ውሃው ሲሞቅ ግራ ጭኗን፣ ዘይት ሲጎድል ቀኝ ጭኗን ይነቀንቃታል። ከመኪናዋ ጭራ ላይ ማይክሮፎን ሰቀለ፤ ከኋላ ክላክስ ሲጮኽ ወገቧ ላይ ይመታታል። ከፊት መስተዋቱ በላይ ደግሞ ፀሐይ የማያደበዝዘው ቀይ መብራት አደረገላት። ስፖንጁን ስንት ጊዜ እንደቀደድኩና እንደሰፋሁ እኔና መርፌዬ እናውቃለን። ወይ ጠንክሮባት ዘላ ትነሣለች፣ ወይ ከሞተሩ መንቀጥቀጥ ጋር ይቀላቀልባታል። በመጨረሻ ሽቦ ዘዴው ገባው፤ ሞተር አያቋርጥም፣ ስለዚህ የእሱ እያቋረጠ፣ እያቋረጠ እንዲመታ አደረገው።

ዓይኗን በሻርፕ አስሬ ፈተንኳት። መካኒኩ ከኋላ ባልተጠበቀ ጊዜ ክላክስ ሲነፋ "ከኋላዬ!" ብላ ጮኸች፤ ራዲያተሩን ሲሸፍን "ሞቀች!" አለች፤ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። እኔ ዝም ብላ የምትታለል ሴት አይደለሁም። ደጋግሜ ፈተንኳት። አንዴም አልሳተችም፣ ቁልፉን ከጡቴ አወጣሁ። "የመጀመሪያውን መንገድ ግን ሦስታችንም ነን" አልኳት። ሽቦ ወንበሩን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል ብሎ አስቀድሞ ቦርሳውን ይዞ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ነው ሽቦ በሕይወቱ የመጀመሪያውን መንገድ የወጣው። መሐል ተቀምጦ፣ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንድም ጊዜ ዓይኑን ሳይጨፍን። ከተማው ሲያልቅ፣ ቤቶቹ እየተራራቁ ሲሄዱ፣ መንገዱ ወደ ሰማዩ የሚገባ ሲመስል፣ ትንፋሹን ይዞ ያይ ነበር። ድልድዩን ስናልፍ እጁን አነሣ፣ የሚያውቀውን ሰው ሰላም እንደሚል ሁሉ። ሜዳው ላይ ንፋሱ መጣና መኪናዋን ወደ ጎን ገፋት፤ ሳሩ በእርግጥም እንደ ውሃ ተኛ። ደመናው ከእኛ ጋር እኩል ይሄድ ነበር፣ ጥላው መንገዱን አቋርጦ እየተሻገረ። ሦስታችንም የአንድ ሰው ሕልም ውስጥ ገብተን የምንሄድ መሰለኝ።

"እንዳለምከው ነው?" አልኩት።

አሰበ። "በሕልሜ ሽታ አልነበረውም" አለኝ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ማቃሰት ጀመረች። እትዬ ማርሽ ቀነሰች፣ ደግሞ ቀነሰች። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ሽቦም አልሰማም። እትዬ ግን ግራ ጭኗን በእጇ መታ አደረገችና "ሞቀች" አለች። ቀይ መብራቱ በራ። ሰከንድ አላባከነችም፤ መንገዱን ለቀቀች፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ወርደን ስናይ ከታች አንዱ የውሃ ቱቦ ተተርትሮ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ትንሽ ብንቀጥል ኖሮ አልቆላት ነበር። እትዬ ቱቦውን ካየች በኋላ ግንባሯን በሙቁ ብረት ላይ አስደገፈች፣ ወዲያው ራሷን አቃጥላ "ውይ!" ብላ ተነሣች፣ ሳቀችም አለቀሰችም።

ሌሎች ሹፌሮች ጥላው ውስጥ ቆመው ያርፉ ነበር። እትዬ ቱቦውን በጎማ ቁራጭ ጠምጥማ አሰረችና ሞተሩ እስኪበርድ ጀሪካኗን ይዛ ጎንበስ አለች። ሽቦ ከኋላዋ ቆሟል። "እሜቴ" አላት፣ በዚያው በለመደው ድምፁ። ጀሪካኑን እያየች ነው። "እሜቴ" አላት እንደገና። ከዚያ ሽቦ፣ እንደኔ ካወቃችሁት ይደንቃችኋል፣ ደረቱን ሞልቶ ጮኸ።

"እሜቴ!"

ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነሡ። እትዬ ዞረች። "ምን ሆንክ?"

"አምና ይዘሽኝ ሂጂ ብዬሽ ነበር!" አለ እየጮኸ። "ሶፋው ላይ ተጋድመሽ! ራስሽን ነቅንቀሽ እሺ አልሽኝ! ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ጥለሽኝ ሄደሻል!"

እኔ ባለሁበት ደረቅሁ። ይኼን ለኔም ተናግሮ አያውቅም። እትዬ አፉን እያየች ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ፊቷ ላይ ሲያርፍ ይታይ ነበር።

"አልፈለግሽኝም ብዬ ነው!" አለ ሽቦ። ጉሮሮው የማያውቀውን ሥራ ስለሠራ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። "እኔን ካልፈለግሽ ድምፄ እንኳ ይሂድላት ብዬ ነው ያን ሁሉ የሠራሁት!"

ሹፌሮቹ ሁሉ ዞረው እያዩን ነው። እትዬ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች፣ ቅባት በነካው እጇ እጁን ያዘችው። እንባዋ እየወረደ ወደ ሰዎቹ አየች፣ ወደ እሱ አየች።

"ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል" አለችው።

"ይስማ!" አለ ሽቦ።

ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ ዓመቱን ሙሉ የነገራትን እየጮኸ እንደ አዲስ ነገራት፤ እሷም ዓይኗን ከአፉ ላይ አላነሣችም።